የእንግሊዝ ቱዶር ቤቶች እንዴት ይነበባሉ? ለአንዲት ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ለንደን ዳር ነው። ሰፈራችን ውስጥ ጥቁር እንጨትና ነጭ ግድግዳ ያላቸው ቤቶች አሉ፤ ሰው ሁሉ ቱዶር ይላቸዋል። ባለፈው ሰመር ከልጆቼ ጋር ደርቢሸር ሄደን ሃርድዊክ ሆልን አየን። እሱ ደግሞ ድንጋይና መስታወት ብቻ ነው። አስጎብኚዋ አንዴ ቱዶር፣ አንዴ ኤልሳቤጣዊ እያለች ጠራችው። ሁለቱ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ? አንድ ዘመን እንዴት እንዲህ የማይመሳሰሉ ቤቶች ይሠራል? ትልቋ ልጄ ደግሞ በእንግሊዝኛው ‹ኢ› ፊደል ቅርጽ የተሠሩ ቤቶች ለንግሥት ኤልሳቤጥ ክብር ነው የሚባለው እውነት ነው ወይ ትላለች።»

ውድ ጠያቂያችን፣ ከአጭሩ መልስ ልጀምር። ኤልሳቤጣዊ የሚባለው የቱዶር ዘመን የመጨረሻው ክፍል ነው። ቱዶር የንጉሣዊ ቤተሰብ ስም ነው። ሄንሪ 7ኛ በ1485 ቦስዎርዝ ላይ ተዋግቶ ዙፋኑን ያዘ። የልጅ ልጁ ኤልሳቤጥ በ1603 ልጅ ሳትተካ ሞተች። በመካከሉ ያለው 118 ዓመት ሁሉ ቱዶር ነው። ኤልሳቤጥ ከነገሠችበት ከ1558 በኋላ ያለው ደግሞ ኤልሳቤጣዊ ይባላል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ስለዚህ አስጎብኚዋ ትክክል ነች። ሃርድዊክ ሆል ሁለቱንም ነው።

ግን ይህ መልስ ብቻውን አያጠግብም። በ1500 የተሠራ ቤትና በ1590 የተሠራ ቤት ጎን ለጎን ቢቆሙ የአንድ አገር ሰው ሥራ አይመስሉም። በነዚያ 90 ዓመታት ውስጥ የእንግሊዝ ገጠር ቤት ፊቱን አዙሯል። የቀደመው ወደ ውስጥ፣ ወደ ራሱ ግቢ ያያል። የኋለኛው ወደ ውጭ፣ ወደሚመጣው ሰው ያያል። እኔ የአንድን ቤት ዕድሜ ለመገመት ስፈልግ ከግድግዳው ቀለም በፊት የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ትልልቆቹ መስኮቶች ወዴት ይከፈታሉ? አዳራሹስ የት ነው?

መጀመሪያ ወደ ውስጥ የሚያየውን ቤት እንይ። በ1500ዎቹ መጀመሪያ አንድ ሀብታም ሰው ገጠር ውስጥ ቤት ሲሠራ አራት ክንፎችን በአንድ ግቢ ዙሪያ ይገጥማል። ብዙ ጊዜ ዙሪያውን ውሃ የሞላበት ቦይ ይቆፈራል። መግቢያው አንድ ነው፤ በላዩም ትልቅ የበር ግንብ ይቆማል። ወደ ውጭ ያሉት መስኮቶች ትንንሽ ናቸው። ዎሪክሸር ውስጥ ያለው ኮምፕተን ዊንየትስ የዚህ ዓይነት ቤት ነው። ቀይ ጡቡ፣ ከፍና ዝቅ ያለው ጣሪያው፣ እያንዳንዱ የራሱ ጌጥ ያለው የጭስ ማውጫው ቤቱ ክፍል በክፍል እየተጨመረበት ያደገ መሆኑን ይናገራሉ። ማንም ሰው ተቀምጦ ሙሉውን በአንድ ወረቀት ላይ አልነደፈውም።

ይህ ሁሉ የመጣው ከፍርሃት ነው ሲባል ይሰማል። በከፊል እውነት ነው። የጽጌረዳ ጦርነቶች የሚባለው የርስ በርስ ውጊያ ገና ከሰው አእምሮ አልወጣም ነበር። በ1520ዎቹ ግን የበር ግንብ መከላከያ መሆኑ ቀርቶ የክብር ምልክት ሆኖ ነበር። ኤሴክስ ውስጥ ሌየር ማርኒ የሚባል ቦታ አለ። የሄንሪ 8ኛ ባለሟል የነበረው ሎርድ ማርኒ ያስጀመረው የበር ግንብ እስከ ስምንት ፎቅ ይወጣል። ጠላት ለመመለስ የታሰበ ግንብ በዚያ ሁሉ መስኮት አይበሳም። ጫፉ ላይ ያለው ጌጥም የዛጎልና የዶልፊን ቅርጽ በሸክላ የተሠራበት ነው። ሎርዱ በ1523 ሞተ፤ ልጁ በ1525 ተከተለው። ከዚያ ግርማ ያለው በሩ ቆሞ ቀረ፤ ሊከተለው የታሰበው ትልቅ ቤት ግን አላለቀም።

የሸክላው ጌጥ የጣሊያን ፋሽን ነው። የሄንሪ 8ኛ ዋና ሚኒስትር የነበረው ካርዲናል ዎልሲም በ1521 ለንደን አጠገብ ላለው ቤተ መንግሥቱ ለሃምፕተን ኮርት ጆቫኒ ዳ ማያኖ የተባለ የፍሎረንስ ቀራፂ ቀጥሮ የሮማ ቄሣሮችን ራስ በሸክላ አሠርቷል። ዛሬም ከበሮቹ በላይ ይታያሉ። ልብ ይበሉ፤ ሕንፃው ራሱ እንግሊዛዊ ነው። ጡቡ፣ የበሩ ቅስት፣ ግቢው ሁሉ ያገሬው ነው። ጣሊያናዊው ነገር ላዩ ላይ የተለጠፈ ጌጥ ብቻ ነበር። ሄንሪ 8ኛ በ1530ዎቹ ከሮም ሲለያይ ይህ በቀጥታ ከጣሊያን የሚመጣ ነገር ቀዘቀዘ። ከዚያ በኋላ አዲሱ ጌጥ የመጣው በአብዛኛው በሌላ በር፣ ከአንትወርፕና ከአካባቢው በሚታተሙ የሥዕል ወረቀቶች በኩል ነው። ኤልሳቤጣዊ ቤት ውስጥ ምድጃ ላይ ወይም ጣሪያ ላይ እንደ ተቆራረጠ ቆዳ የተጠቀለለ ጌጥ ካዩ ከዚያ የመጣ ነው።

አሁን ወደ አዳራሹ ልግባ። እኔ በዚህ ዘመን ታሪክ ከሁሉም የሚገርመኝ እሱ ነው።

በድሮው ቤት አዳራሹ ዋናው ነገር ነበር። ጣሪያው እስከ ላይ ክፍት ነው። በመካከሉ እሳት ይነዳል፤ ጭሱ ጣሪያው ላይ በተተወ ቀዳዳ ይወጣል። በአንደኛው ጫፍ ከፍ ያለ መደብ አለ። ጌታውና ቤተሰቡ እዚያ ይቀመጣሉ። ከጎናቸው ወደ ውጭ የወጣ ትልቅ መስኮት አለ፤ ብርሃኑ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። በሌላኛው ጫፍ የእንጨት መከለያ ቆሟል። ከመከለያው ጀርባ መተላለፊያ አለ። ከዚያ ወደ ቢራና ዳቦ ማስቀመጫው፣ ወደ ኩሽናው የሚወስዱ በሮች ይከፈታሉ። አሽከሩ፣ ጭሰኛው፣ እንግዳው ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ይበላል። ማን የት እንደሚቀመጥ ግን በጥብቅ የታወቀ ነው። ከመደቡ በራቁ ቁጥር ክብርዎ ይቀንሳል።

ከዚያ ጌታው ከመደቡ ተነሣና ሄደ። በአንድ ቀን አይደለም፤ ነገሩ ከቱዶሮች በፊት ተጀምሮ ቀስ በቀስ የገፋ ነው። ፎቅ ላይ ታላቁ እልፍኝ የሚባል ክፍል ተሠራ። ጌታው እዚያ መብላት፣ እዚያ እንግዳ መቀበል ጀመረ። አዳራሹ ለሠራተኞች ቀረ፤ በኋላም መግቢያ ብቻ ሆነ። በ1500 አዳራሹ የቤቱ ራስ ነበር። በ1600 ሰው ወደ ደረጃው ለመሄድ የሚያልፍበት ክፍል ሆኗል።

ለዚህ ለውጥ አንዱ ምክንያት ተራ የሚመስል ነገር ነው፤ የጭስ ማውጫው። እሳቱ ከአዳራሹ መሃል ተነሥቶ ግድግዳው ውስጥ ሲገባ ጭሱ በጡብ ቱቦ ይወጣል። ጭሱ ከተወገደ በአዳራሹ ላይ ፎቅ መሥራት ይቻላል። በየክፍሉም ለየብቻ ምድጃ ማግባት ይቻላል። በ1577 ስለ አገሩ የጻፈ አንድ የኤሴክስ ቄስ በመንደሩ ያሉ ሽማግሌዎች በዕድሜያቸው ሦስት ነገር ተለወጠብን እንደሚሉ ዘግቧል። የጭስ ማውጫው ብዛት፣ የመኝታው ምቾት፣ ከእንጨት ሳህን ወደ ቆርቆሮ ሳህን መሻገሩ። የጭስ ማውጫው መጀመሪያ መጠራቱ ትክክል ነው። ባለቤቶቹም ያውቁት ነበር። በጡብ እየጠመዘዙ፣ እያስጌጡ፣ ከጣሪያ በላይ አሳድገው ያቆሙት ከሩቅ የሚያይ ሰው ስንት ምድጃ እንዳላቸው እንዲቆጥር ነው።

ይህን ሁሉ ለመሥራት ገንዘብና መሬት ከየት መጣ? ትልቁ መልስ ገዳማቱ ናቸው። ከ1536 እስከ 1540 ባለው ጊዜ ሄንሪ 8ኛ 800 የሚሆኑ ገዳማትን ዘጋ። ንብረታቸውን ወረሰ። ከዚያ መሬቱ ተሸጠ፤ ተሰጠም። ገዢዎቹ ባለሥልጣናት፣ የሕግ ሰዎችና ነጋዴዎች ነበሩ። ዊልትሸር ውስጥ ዊልያም ሻሪንግተን የሌይኮክን የሴቶች ገዳም ገዛ። ቤተ ክርስቲያኑን አፈረሰው። መነኮሳይያቱ ይመላለሱበት የነበረውን ባለ ቅስት መተላለፊያ ግን ሳይነካ ትቶ ከላዩ መኖሪያውን ሠራ። ዛሬም ሌይኮክ ሲገቡ ታች ገዳም ነው፤ ላይ የጌታ ቤት። እኔ ያንን ቦታ ባየሁ ቁጥር ያዝናል ልቤ። በዚያ ዘመን ስንት መጽሐፍ፣ ስንት የመስኮት ሥዕል፣ ስንት ጸሎት የለመደ ግንብ ጠፍቷል። የምናደንቃቸው ቤቶች ብዙዎቹ በዚያ ድንጋይና በዚያ መሬት ላይ የቆሙ ናቸው። ይህ ሳይነገር የቱዶር ቤት ውበት ብቻ ቢነገር ታሪኩ ጎዶሎ ነው።

እዚያው ዊልትሸር ያለው ሎንግሊትም እንዲሁ የገዳም ቦታ ነበር። ጆን ቲን የሚባል ሰው በ1540ዎቹ መጀመሪያ ገዛው። ሲሠራ፣ ሲያፈርስ፣ እንደገና ሲሠራ ኖረ። በ1567 ቤቱ ተቃጠለ፤ ቲን ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ1568 ሮበርት ስሚዝሰን የሚባል ወጣት ግንበኛ ከሠራተኞቹ ጋር መጣ። ከዚያ የወጣው ቤት በእንግሊዝ ያልታየ ነበር። አራቱም ፊቶቹ የተስተካከሉ ናቸው። ትልልቅ መስኮቶች በእኩል ርቀት ተደርድረዋል፤ ሁሉም ወደ ውጭ ያያሉ። የበር ግንብ የለም። ቦይ የለም። ቤቱ ፊቱን አዙሯል የምለው ይህንን ነው።

ለምን ወደ ውጭ? ምክንያቱም ንግሥቲቱ ትመጣ ነበር። ኤልሳቤጥ ራሷ ቤተ መንግሥት ገንቢ አልነበረችም። አባቷ ሲሞት ከ50 በላይ ቤቶች ትቷል፤ እሷ ያለውን ይዛ ቆየች። በሰመር ግን በመቶ የሚቆጠሩ ጋሪዎች አስከትላ በገጠር ትዞር ነበር። በየባለሟሎቿ ቤት ታርፋለች። ወጪው የአስተናጋጁ ነው። ሮበርት ደድሊ በ1575 ኬኒልዎርዝ ላይ 19 ቀን አስተናግዷታል፤ ለእሷ ብሎ አዲስ ሕንፃ አስቀድሞ አሠርቶ ነበር። ዋና አማካሪዋ ዊልያም ሴሲል ቲቦልድስ የሚባለውን ቤቱን በመጠኑ ጀምሮት እሷ ደጋግማ ስለመጣች እንዳሳደገው ራሱ ጽፏል። ክሪስቶፈር ሃተን ደግሞ ኖርዝሃምፕተንሸር ውስጥ ሆልደንቢን ሠራ። በእንግሊዝ ከነበሩት የግል ቤቶች እጅግ ትልቁ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ሃተን ቤቱን ለንግሥቲቱ እንደተሰጠ መቅደስ ነበር የሚያወራለት። በ1591 ሲሞት ለዘውዱ ከ40,000 ፓውንድ በላይ ዕዳ ነበረበት። ቲቦልድስም ሆልደንቢም ከ1640ዎቹ የርስ በርስ ጦርነት በኋላ፣ በ1650ዎቹ አካባቢ፣ በአብዛኛው ፈረሱ። ከሆልደንቢ ትንሽ ክፍልና ሁለት የግቢ በሮች ቀርተዋል።

ስሚዝሰን ከሎንግሊት በኋላ ወደ ኖቲንግሃም ሄደ። እዚያ ፍራንሲስ ዊሎቢ በድንጋይ ከሰል ማዕድን የከበረ ባለርስት ነበር። ዎላተን ሆል ከ1580 እስከ 1588 ተሠራለት። ኮረብታ ላይ ነው። ግቢ የለውም፤ ግቢ ሊሆን ይችል በነበረው መሃል ላይ አዳራሹ ተቀምጦ ከጣሪያዎቹ በላይ ብቅ ይላል። ስሚዝሰን የሞተው በ1614 በ79 ዓመቱ ነው። የተቀበረው እዚያው ዎላተን ቤተ ክርስቲያን ነው። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የዎላተንና የሌሎች ታላላቅ ቤቶች አርክቴክት ተብሎ ተጽፎለታል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በዚያ ዘመን ቤት የሚነድፈው ግንበኛው ወይም አናጺው፣ ብዙ ጊዜም ባለቤቱ ራሱ ነበር። አርክቴክት የሚባል ሙያ ለብቻው ገና አልቆመም። የስሚዝሰን ንድፎች ግን ዛሬም ለንደን ውስጥ ተጠብቀው አሉ።

አሁን እርስዎ ወዳዩት ቤት እንምጣ። ሃርድዊክ ሆል በ1590 ተጀምሮ በ1597 ባለቤቱ የገባችበት ቤት ነው። ባለቤቷ ኤልሳቤጥ ታልቦት፣ የሽሩዝበሪ ካውንተስ ነች። ሁሉም ሰው የሃርድዊኳ ቤስ ይላታል። የተወለደችው እዚያው፣ ከመጠነኛ ባለርስት ቤተሰብ ነው። አራት ጊዜ አግብታለች፤ በየጋብቻውም ሀብቷ ጨምሯል። አዲሱ ቤቷ ሲያልቅ ዕድሜዋ 70 ገደማ ነበር። ድንጋዩ ከራሷ መሬት ተቆፈረ። የመስታወት መሥሪያም ነበራት። ንድፉ የስሚዝሰን ለመሆኑ ቀጥተኛ ሰነድ ባይገኝም ዛሬ አብዛኞቹ ባለሙያዎች የእሱ ነው ይላሉ።

ቀና ብለው ስድስቱን ማማዎች አይተው ከሆነ ጫፋቸው ላይ ሁለት ትልልቅ የድንጋይ ፊደላት አሉ፤ የስሟና የማዕረጓ መነሻ ፊደላት። ከብዙ ማይል ርቀት ይነበባሉ። ከዚያ መስኮቶቹን ይመልከቱ። ከታች አጫጭር ናቸው። አንደኛ ፎቅ ላይ ይረዝማሉ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከሁሉም ይረዝማሉ። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም። ታች ሠራተኞች ናቸው፣ መሃል ላይ ቤስና ቤተሰቧ ይኖራሉ፣ ላይኛው ለንጉሣዊ እንግዳ የተዘጋጀ ነው። ሌላ ቤት ውስጥ ገብተው ካልዞሩ የማያውቁትን የክብር ደረጃ ሃርድዊክ ከሜዳ ቆሞ ለሚያይ ሰው ይነግራል።

ውስጥ ሲገቡ ደግሞ አዳራሹን ልብ ብለዋል? በሩን እንዳለፉ ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ ጀርባ ይሄዳል። የድሮ አዳራሽ ከቤቱ ፊት ጋር ትይዩ ነበር የሚተኛው። እዚህ ዞሯል፤ በእንግሊዝ የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከዚያ ረጅሙ የድንጋይ ደረጃ እየጠመዘዘ ወደ ላይኛው ታላቅ እልፍኝ ይወስዳል። ምግቡ ከታች ኩሽና ተነሥቶ በአዳራሹ በኩል፣ በዚያ ሁሉ ደረጃ፣ በሰልፍና በሥርዓት ነበር የሚወጣው። እላይ ሲደርስ ትኩስነቱ ቀርቶ ይሆናል። ክብሩ ግን አልቀረም።

ያ ሁሉ መስታወት ግድግዳውን እንዴት አላደከመውም? የጭስ ማውጫዎቹ የተሠሩት በውጭው ግድግዳ ሳይሆን በውስጥ ባሉት ወፍራም ግድግዳዎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ውጭው ለመስኮት ነፃ ወጣ። ከግድግዳው መስታወቱ ይበልጣል የሚለው የአገሬው ግጥምም ከዚያ የመጣ ነው። መስታወቱ ግን እንደዛሬው ትልቅ ሉህ አይደለም። በትንፋሽ ተነፍቶ፣ ተቆርጦ፣ ትንንሹ ቁራጭ በእርሳስ ማዕድን ክር እየተያያዘ የተሠራ ነው። በ1567 ዣን ካሬ የሚባል ሰው ከንግሥቲቱ ፈቃድ አግኝቶ ከሎሬን ባለሙያዎች አምጥቷል። ከዚያ ወዲህ የመስኮት መስታወት በአገር ውስጥ በብዛት ይሠራ ጀመር። እንዲያም ሆኖ ውድ ነበር። ብዙ መስኮት ማለት ብዙ ገንዘብ ማለት ነው። በክረምትም ብዙ ብርድ።

ንግሥት ኤልሳቤጥ ወደ ሃርድዊክ መጥታ አታውቅም። ቤስ ግን ሌላ ተስፋ ነበራት። የልጅ ልጇ አርቤላ ስቱዋርት ዙፋኑን የመውረስ መብት ካላቸው አንዷ ነበረች። ላይኛው ፎቅ የተዘጋጀው ለዚያ ቀን ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። ያ ቀን አልመጣም። በ1603 ዙፋኑን የወሰደው የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ ነው።

ረጅሙ ጋለሪ፣ ማለትም የቤቱ ሰዎች የሚንሸራሸሩበት ረጅም ክፍል፣ ውስጥ የተሰቀሉት 13 ትልልቅ በሽመና የተሠሩ ሥዕሎች የመጽሐፈ መሳፍንቱን የጌዴዎንን ታሪክ ይተርካሉ። መጀመሪያ የቤስ አልነበሩም። የተሠሩት ለክሪስቶፈር ሃተን፣ ለዚያ በዕዳ ለሞተው ለሆልደንቢው ጌታ ነው። ቤስ በ1592 ከወራሹ ገዛቻቸው። የሃተንን ዓርማ በራሷ ዓርማ ማስሸፈን ስላለባትም 5 ፓውንድ አስቀንሳለች። ጥገናቸው በቅርቡ፣ በ2023 ነው ያለቀው፤ 24 ዓመት ፈጅቷል። ሃርድዊክ እንዲህ ሳይነካ የቆየልን የቤስ ዘሮች ሌላውን ቤታቸውን ቻትስዎርዝን መርጠው እዚያ ስለኖሩ ነው። የሚኖርበት ቤት ይታደሳል፤ ፋሽን ሲለወጥ ይፈርሳል። የተተወው ግን እንዳለ ቆየ።

ወደ ልጅዎ ጥያቄ እንለፍ። የ«ኢ» ፊደል ቅርጽ ለንግሥቲቱ ክብር ነው የሚለው በሰፊው ይነገራል። እኔ ግን ቅርጹ ከቤቱ አሠራር የወጣ ነው ባይ ነኝ። አዳራሹ መሃል ይተኛል። በአንዱ ጫፍ የኩሽናው ክንፍ፣ በሌላው ጫፍ የቤተሰቡ ክንፍ ወደፊት ይወጣል። በመሃል በሩ ላይ ከለላ ይሠራል። ከላይ ቢያዩት «ኢ» ሆነ። ክንፎቹ ወደኋላም ከወጡ ሌላ ፊደል ይሆናል። ለማን ክብር እንደሆነ ያኔ ማን ይናገራል? በነገራችን ላይ ይህ ቅርጽ ለንድፍ ሠሪዎች ራስ ምታት ነበር። በሩ ለሚዛን ሲባል መሃል መሆን አለበት። በድሮው ልማድ ግን በሩ የሚከፈተው በአዳራሹ ጫፍ ነው። ስለዚህ ሶመርሴት ውስጥ ሞንታኪዩትን የመሰለ ቤት ከውጭ ፍጹም የተመጣጠነ ሆኖ ውስጡ ሲገቡ አዳራሹ በአንድ ወገን ብቻ ነው። ሃርድዊክ አዳራሹን ያዞረው ይህንን ችግር ለመፍታትም ነው።

ቢሆንም ልጅዎን አይውቀሷት። የዚያ ዘመን ሰዎች ቤትን በእንቆቅልሽ መሥራት በጣም ይወዱ ነበር። ጆን ቶርፕ የሚባል ንድፍ ሠሪ በስሙ ሁለት መነሻ ፊደላት ቅርጽ ለራሱ ቤት ነድፎ ትንሽ ግጥም ጽፎበታል። ንድፉ ዛሬም አለ።

የጥቁርና ነጩ ነገርስ? እውነተኛው የእንጨት ቤት በዚያ ዘመን በብዙ አካባቢ የተለመደ ነበር። ጥሩ ድንጋይ በሌለበትና ኦክ ዛፍ በሞላበት በቼሸር፣ በሽሮፕሸርና በላንካሸር ትልልቅ ጌቶችም ይሠሩት ነበር። አሠራሩን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አይከብድም። የጭቃ ቤት ሲሠራ ላየ ሰው ነገሩ ያው ነው። ምሰሶና አግዳሚ ይቆማል፤ በመካከሉ ጭራሮ እንደ ማገር ይጠላለፋል፤ ከዚያ ጭቃ ከጭድና ከእበት ጋር ተቦክቶ ይመረግበታል። ከላይ በኖራ ይቀባል። ልዩነቱ ኦክ ምሰሶዎቹ ያለ ሚስማር፣ ተቆራርጠው በእንጨት ችንካር የተገጣጠሙ መሆናቸው ነው።

ቼሸር ያለው ሊትል ሞርተን ሆል የዚህ ሥራ ዕንቁ ነው። ዙሪያውን በውሃ የተከበበ፣ ግቢ ያለው፣ ጠመዝማዛ ቤት። ግቢው ውስጥ አንድ መስኮት ላይ ሪቻርድ ዴል የሚባል አናጺ በ1559 እሱ እንደሠራው ስሙን ቀርጾበታል። በኋላ ባለቤቶቹ ረጅም ጋለሪ አማራቸውና ከሁለት ፎቅ በላይ ጫኑበት። ጣሪያው ከባድ የድንጋይ ንጣፍ ነው። ታች ያለው እንጨት ለዚያ ሸክም አልታሰበም ነበር። ዛሬ ቤቱ እንደ ተጣመመ ቆሟል፤ ሲያዩት ያስፈራል፤ ግን ቆሟል። ይህ ቤት የኤልሳቤጥ ዘመን ነው፤ ሎንግሊትም የኤልሳቤጥ ዘመን ነው። አንዱ የቆየውን ልማድ በማስጌጥ ገፋበት፤ ሌላው ፊቱን አዞረ። ጥያቄዎ ላይ «አንድ ዘመን እንዴት» ላሉት መልሱ ይህ ነው፤ ለውጡ ሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ አልደረሰም።

ጥቁሩ ቀለም ደግሞ በአብዛኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ኦክ ሳይቀባ ሲተው ብርማ ግራጫ ይሆናል። ብዙ ቤቶች እንጨቱም ጭቃውም አንድ ላይ በኖራ ይቀቡ ነበር። በቅጥራን አጥቁሮ ነጩን ማጉላት የመጣው በኋላ ነው።

የሰፈርዎ ቤቶች ለንደን ዳር ከሆኑ ከ1920ዎቹና 30ዎቹ የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ነው። ያኔ ከተማዋ ስትሰፋ በጡብ ተሠርተው ፊታቸው ላይ ጣውላ የተመታባቸው ቤቶች በብዛት ተሸጠዋል። ለመለየት ጥግ ላይ ይቁሙ። እውነተኛ ምሰሶ ጥጉን በሁለቱም በኩል ይይዛል፤ ውፍረት አለው። ጣውላ ከሆነ ቀጭኑ ጠርዝ ይታያል። የችንካር ራስ ይፈልጉ። እንጨቱ ላይ አናጺዎች ለመገጣጠም የሚጭሩትን የሮማ ቁጥር ምልክት ይፈልጉ። መስመሩ እንደ ገዢ ቀጥ ካለ ይጠርጥሩ፤ የድሮዎቹ ኦክን ርጥቡን ነበር የሚሠሩበት፤ ሲደርቅ ይጣመማል። ውስጥ ገብተው ያው ምሰሶ ከጀርባ ካልታየ ነገሩ አለቀ። ይህን ስል ሰፈርዎን ለማሳነስ አይደለም። እነዚያ ቤቶችም አሁን 100 ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ በደንብ የተሠሩት መጠበቅ ይገባቸዋል።

ቀጥሎ የት ልሂድ ካሉኝ ሞንታኪዩትን እመርጥልዎታለሁ። 52 ሜትር የሚሆን ጋለሪ አለው፤ በእንግሊዝ ከቀሩት ሁሉ ረጅሙ ነው፤ ለልጆች የዝናብ ቀን መሮጫ ከዚያ አይበልጥም። ያው ዱሮም ጌቶቹ በዝናብ ቀን የሚንሸራሸሩበት ነበር። ጥያቄ የምትወደዋን ልጅዎን ግን ኖርዝሃምፕተንሸር ረሽተን ውሰዷት። ቶማስ ትሬሻም በካቶሊክነቱ ለዓመታት ታስሮ የነበረ ሰው ነው። ከ1593 እስከ 1597 ለሥላሴ ብሎ ትንሽ ቤት ሠራ። ጎኑ ሦስት ነው። እያንዳንዱ ጎን 33 ጫማ ገደማ ነው። ፎቁ ሦስት፤ በየጎኑ ጣሪያው ላይ ያሉት ሹል ግድግዳዎች ሦስት፤ በየፎቁ በየጎኑ መስኮቱ ሦስት። ቆጥራ ትጨርሰው። በዚያው አውራጃ ላይቭደን የሚባል ሌላ ቤቱ አለ። በ1605 ሲሞት ሥራው ቆመ፤ ጣሪያ ሳይለብስ እስከዛሬ አለ። ጠዋት ከወጡ ሁለቱን በአንድ ቀን ታዳርሳላችሁ።